አንቀልባና የዛሬ ወላጆች

ጥጃ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆሞ የእናቱን ጡት ይፈልጋል፤ ግልገልም ብዙ ሳይቈይ መንጋውን ተከትሎ ይሄዳል። የሰው ልጅ ግን በእግሩ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሌላ ሰው ክንድ፣ የሌላ ሰው ጉያ፣ የሌላ ሰው ጀርባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሕፃንን መሸከም የእናት ደግነት ብቻ ሳይሆን ከሕፃኑ ፍጥረት የተነሣ የግድ የሆነ ነገር ነው። ክንድ ግን ይዝላል፤ እናትም ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንጀራ መጋገር፣ ገበያ መውጣት አለባት። እጅዋ ለሥራ እንዲፈታ ልጅዋም ከሰውነቷ እንዳይለይ የሚያደርግ መሣሪያ በየአገሩ የተፈለገውና የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ አንቀልባ ይባላል። የበግ ወይም የፍየል ወይም የጥጃ ቆዳ ለፍቶና ለስልሶ፣ ረዣዥም ማንገቻ ተበጅቶለት፣ እንደ ባለቤቱ አቅም በዛጎልና በጨሌ አጊጦ ይሠራል። እናቲቱ ጐንበስ ብላ ሕፃኑን በጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ሆዱ ከጀርባዋ ይገጥማል፤ ጭኖቹ ግራና ቀኝ ወገብዋን ይይዛሉ፤ አንቀልባው ከበላዩ ይሆናል፤ ማንገቻውም በትከሻዋ ዞሮ፣ በደረቷ ላይ ተመሳቅሎ፣ ከሕፃኑ መቀመጫ በታች አልፎ ከፊት ይቋጠራል። ይህ በጽሕፈት ሲነገር የረዘመ ይመስላል እንጂ የለመደች ሴት አንድ ጊዜ ጐንበስ ብላ ቀና ስትል ሥራው ተፈጽሞ «እሹሩሩ» ማለት ትጀምራለች። ቆዳ ያላገኘች በነጠላ፣ በጋቢ ወይም በፎጣ ታዝላለች።

ይህን አስተዛዘል የሚያስተምር መምህር አልተሾመም፤ መጽሐፍም አልተጻፈለትም። ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ጨርቅ ጠቅልላ «ልጄ ነው» እያለች በጀርባዋ በማሰር ትጫወታለች፤ ጥቂት ስታድግ የታናሽ ወንድሟን ክብደት ትለምዳለች፤ አግብታ በወለደች ጊዜ ደግሞ እናቷና አማቷ ጐረቤቶችዋም ከአጠገቧ ስለማይርቁ የጐደላትን ዕውቀት ይሞሉላታል። እንዲህ ሆኖ ነገሩ ሳይጻፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ።

በከተማ ግን ይህ መተላለፍ እየተቋረጠ መሄዱን ልብ ያለው ሁሉ ያየዋል። በአዲስ አበባ በአንዱ ኮንዶሚኒየም በአራተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቢታሰቡ ነገሩ ይገለጣል። ሁለቱም በትምህርት ቤት አድገው በሥራ ምክንያት ከዘመድ ርቀዋል። አያት ከአገር ቤት መጥታ አራሷን በገንፎና በአጥሚት ስትንከባከብ ትሰነብታለች፤ ሕፃኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ግን ቤትዋና ከብቷ ይጠብቋታልና ትመለሳለች። ባልየውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የፈቀደለት የወሊድ ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ነውና ገና ሕፃኑን በቅጡ ሳይለምደው ወደ ሥራው ገብቷል። ሚስቲቱ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ብታገኝም፣ ያንን ዘጠና ቀን የምታሳልፈው ካስቀመጡት የሚያለቅስ፣ ካነሡት ዝም የሚል ሕፃን ይዛ ብቻዋን ነው። ምግብ ልታበስል ብትል እጅ የላትም፤ እጅዋን ብትፈታ ልቅሶውን አትችልም።

በዚህ ጊዜ ከሱቅ ባለ መቆለፊያ ማዘያ ትገዛለች። የአጠቃቀሙ ጽሕፈት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ሥዕሉም የአንዲት ደስ ያላት ሴት ሥዕል ከመሆኑ በቀር ብዙ አይናገርም። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ አያምርም። ማሰሪያው ይላላል፤ ሕፃኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ አገጩ ከደረቱ ይጣበቃል፤ እርስዋም ደንግጣ ፈትታ ታወርደዋለች። እርሱ ያለቅሳል፤ እርስዋም ታለቅሳለች። ዕድል ካላት ከታችኛው ፎቅ አንዲት ባልቴት ልቅሶውን ሰምተው ይመጡና «እንዲህ አይደለም ልጄ፤ ከፍ አድርጊው፤ እግሩን ክፈቺለት፤ ጨርቁንም እስከ ጉልበቱ ድረስ ሳቢው» ብለው ያሳይዋታል። ዕድል ከሌላት ማዘያው ከቁም ሣጥን ገብቶ ይቀራል፤ ወይም ሕፃኑ በማይገባ አያያዝ ይታዘላል። የሁለተኛው ነገር ከፊተኛው ይልቅ የከፋ መሆኑ ወደ ኋላ ይነገራል።

ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ልጅ ማዘልም ደግሞ ትምህርት ሆነን?» ብለው ይሥቁ ይሆናል። ነገር ግን ዕውቀት ሁሉ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ዳዊት የሚደግም ካህን ፊደል ሲቈጥር መምህሩ ስንት ጊዜ እንደ መለሰው ረስቶት ይሆናል፤ ለተማሪው ግን ያ ፊደል ዛሬም እንደ ተራራ ነው። የማዘልም ነገር እንዲሁ ነው። አያቶች ያለ ትምህርት አወቁት ማለት ትምህርቱ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በቤታቸውና በጐረቤታቸው መካከል ሲማሩት ኖሩ ማለት ነው እንጂ። ያ ቤትና ያ ጐረቤት በሌለበት ስፍራ ትምህርቱ በሌላ መንገድ ካልተተካ ፈጽሞ ይጠፋል።

በዚህ ላይ የባዕዳንን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኬንት የተባለው ባለ ጥበብ በ1733 ለዴቮንሽር መስፍን ልጆች በእንስሳ የሚሳብ ትንሽ ሠረገላ ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ የሕፃናት ጋሪ በመኳንንቱ ዘንድ፣ በኋላም በሕዝቡ ሁሉ ዘንድ ተለመደ። ጋሪ ለስላሳ መንገድ ላለው አገር መልካም ነገር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከጋሪው ጋራ ሕፃንን ከሰውነት ማራቅ የሥልጣኔ ምልክት ነው የሚል አሳብ ገባ። በ1928 ጆን ዋትሰን የተባለው አሜሪቃዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማቀፍና ከመሳም እንዲቈጠቡ እስከ መምከር ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አስገራሚ ነው። አን ሙር የምትባል አሜሪቃዊት ነርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ አገር ለሕዝብ አገልግሎት በሄደች ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሠሩ፣ ልጆቹም ረግተው ሲተኙ አየች። አገርዋ ገብታ የራስዋን ልጅ በወለደች ጊዜ እንደዚያ ለማዘል ብትሞክር ሕፃኑ እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ ስለዚህ እናቷ እየሰፋችላት ማንገቻ ያለው ማዘያ አዘጋጀችና በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጣት። በጀርመንም ኤሪካ ሆፍማን መንታ ልጆች የወለደች እናት ከላቲን አሜሪቃ በመጣ ረጅም ጨርቅ ልጆችዋን ስታዝል ያዩዋት ሰዎች ከየት አመጣሽው እያሉ ቢጠይቋት በ1972 የማዘያ ጨርቅ ማሠራትና መሸጥ ጀመረች። እንግዲህ ሁለቱም ሴቶች ነገሩን የተማሩት ጋሪ ከሌላቸው ሕዝቦች ነው። ዛሬ ያው ነገር መቆለፊያና ስም ተጨምሮበት በብዙ ገንዘብ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይመለሳል። የውጭ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ በአያቷ ሣጥን ውስጥ አንቀልባ ያላት ሴት ግን ማዘልን ከባዕድ አገር የመጣ አዲስ ጥበብ አድርጋ ስትቈጥረው መስማት ያሳዝናል።

ሐኪሞችና ሊቃውንት ነገሩን መርምረው ካገኙት ፍሬ ጥቂቱ እነሆ። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ1986 በታተመ ምርመራ፣ ወላጆች ሕፃኑ ባለቀሰ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሳያለቅስም በየቀኑ ጨምረው እንዲይዙት በተደረገ ጊዜ፣ በስድስተኛው ሳምንት የሕፃናቱ ልቅሶ ከሌሎቹ ከ100 በ43 ያህል አንሶ ተገኘ። በ1995 በለንደን የተደረገው ምርመራ ግን ይህን ያህል ልዩነት አላገኘምና፣ ማዘል ልቅሶን ሁሉ ያጠፋል ብሎ መስበክ አይገባም። የጃፓን ሊቃውንት በ2013 እንዳስረዱት እናት ሕፃኑን ይዛ ስትራመድ የልቡ ትርታ ወዲያው ይቀንሳል፤ ተቀምጣ ከያዘችው ግን ይህን ያህል አይሆንም። በ2022 ደግሞ የሚያለቅሰውን ሕፃን አምስት ደቂቃ ያህል ይዞ መራመድ፣ ከተኛም በኋላ ወዲያው ሳያስተኙት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞ መቀመጥ እንደሚበጅ አመለከቱ። ይህን የሚያነቡ አያቶች ቢኖሩ «ለዚህ ነውን ይህን ያህል የደከሙት?» ማለታቸው አይቀርም።

ስለ ዳሌ አጥንት የተገኘው ዕውቀት ከዚህ ይበልጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጕድጓድ ጋራ ገና አልጠናም። እግሮቹ ተዘርግተው ተጠብቀው ከታሰሩ አጥንቱ ከስፍራው ሊወጣ ይችላል፤ ሳይታወቅ ከቀረም ልጁ ሲያድግ ያነክሳል። በጃፓን አገር ሕፃናትን እግራቸውን ዘርግቶ መጠቅለል ልማድ በነበረበት ጊዜ ይህ በሽታ ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 በሚደርሱት ላይ ይታይ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ልማዱን ለማስተው ለእናቶችና ለአዋላጆች ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በሽታው ከ1,000 ሕፃናት ወደ 2 ከዚያም በታች ወረደ። በማላዊም አንድ ሆስፒታል ከ2002 እስከ 2012 ከ40,000 በላይ ልጆች ሲያክም፣ ለዚህ በሽታ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድም ልጅ በመዝገቡ አልተገኘም፤ መርማሪዎቹም በዚያ አገር ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ላይ ጭናቸው ተከፍቶ መታዘላቸው ለዚህ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል። እንግዲህ «በአንቀልባ የታዘለ ልጅ እግሩ ይጐብጣል» ብለው የሚፈሩ፣ እግሩም እንዲቃና ብለው ሕፃኑን እንደ ጧፍ አጥብቀው የሚጠቀልሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። ጕልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ጭኑ ተከፍቶ መታዘሉ ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሳይደርሱ ስለሚወለዱ ሕፃናት የታወቀው ነገር ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በ1978 ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለው ሐኪም፣ የማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰና በአንዱ መሣሪያ ብዙ ሕፃናት ስለሚተኙ በሽታ ሲተላለፍባቸው አይቶ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግቶ በጨርቅ አሰረ። ልጅዋን በሆድዋ ከረጢት ይዛ በምትዞር አውሬ ስም ይህ አያያዝ የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ይህንኑ ፈትነው በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በተወለዱ ጊዜ ፈጥነው በእናታቸው ደረት የታሰሩት ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ መትረፋቸውን አስረድተዋል። በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናትን ያስመረመረበት ሥራ በ2021 ሲታተም፣ ወዲያው በእናታቸው ደረት ከዋሉት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች ውስጥ የሞቱት ከ100 12 ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን ወደ 16 የሚጠጉ ነበሩ። አንድ ቁራጭ ጨርቅና የአንዲት እናት ደረት ይህን ያህል ነፍስ ካዳኑ፣ ነገሩን የሴቶች ጨዋታ አድርጎ የሚንቅ ሹም ምን መልስ ይኖረዋል?

ይሁን እንጂ ማዘል የራሱ አደጋ አለውና ይህንን መሸሸግ አይገባም። በአሜሪቃ የሸቀጦችን ደኅንነት የሚጠብቀው የመንግሥት ኮሚሲዮን በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት በትከሻ በሚንጠለጠል ማዘያ ውስጥ መሞታቸውን ገልጿል፤ ከነዚህም 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የጨቅላ ሕፃን አንገት ራሱን አይችልም፤ በጥልቅ ከረጢት ተኰማትሮ ከተኛ አገጩ ከደረቱ ይገጥማል፤ የጕሮሮው መተላለፊያ እንደ ቀጭን ሸምበቆ ታጥፎ ይዘጋል፤ ሳያለቅስና ሳይንፈራገጥም ትንፋሹ ይቋረጣል። ስለዚህ አንገቱ ያልጸና ሕፃን በጀርባ ሳይሆን በፊት ይያዛል። ከፍ ብሎ፣ እናቲቱ ጐንበስ ስትል አናቱን ልትስመው እስክትችል ድረስ መቀራረብ አለበት፤ በአገጩና በደረቱ መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍት ይተውለታል። በጀርባ መታዘል አንገቱ ጸንቶ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ከቻለ በኋላ ይሁን።

በኢትዮጵያ ከዚህ ጋራ የሚነሣ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም የታዘለውን ሕፃን ፊቱን ጭምር በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን ነው። ፀሐይ እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ ክፉ ዓይን እንዳያየው ተብሎ ይደረጋል። ፀሐይና ብርድን መከልከል ተገቢ ነው፤ ራሱ ይሸፈን፤ አፍንጫውና አፉ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁኑ። እናቲቱ በጀርባዋ ያለውን ፊት ለማየት ስለማትችል በየጊዜው እጅዋን ወደ ኋላ ሰድዳ ትዳስሰው፤ አብሯት የሚሄድ ሰውም ካለ ይመልከትላት። የመንደር ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ በመንገድ የምትሄድን እናት አስቁሞ «ፊቱ ተሸፍኗል» ብሎ መንገር ድፍረት ሆኖ አይቈጠርም ነበር።

ሁለተኛው ምድጃ ነው። ሕፃኑን አዝላ እንጀራ የምትጋግር እናት ጢሱን ሁለት ሆነው ይስቡታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚናገረው የቤት ውስጥ ጢስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች የመያዝን አደጋ ወደ እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። የፈላ ድስትና እሳትም ካጠገቡ ነው። ለዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻላል። በመኪና በሚሄዱበት ጊዜም ሕፃኑ በጀርባ ታዝሎ ከመቀመጫ ጋራ መጣበቁ አደገኛ ነው፤ ወደ ፊት ዞሮ መታቀፍ አለበት፤ ማዘያም ምንም ቢጠብቅ በግጭት ጊዜ ሕፃኑን እንደማያድነው መታወቅ ይገባዋል።

«ሌላ ሰው» ሲባል ከማንም በፊት የሚታሰበው አባት ነው። በዚህ ነገር ላይ ግን የኢትዮጵያ ወንድ ሁለት ልብ አለው። ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው እሽኮኮ ብሎ በትከሻው ተሸክሞ በአደባባይ ሲሄድ አያፍርም፤ እንዲያውም ይኰራበታል። ያንኑ ልጅ ሁለት ወር ሳለ በደረቱ አስሮ እስከ ደጅ ውጣ ቢሉት ግን «የሴት ሥራ» ብሎ ይሸሻል። የሁለት ዓመቱን ልጅ መሸከም ክብር ከሆነ የሁለት ወሩን መሸከም ውርደት የሚሆንበት ምክንያት ከቶ አይገኝም። ካህናትም እንደሚያውቁት በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 1 በቍጥር 31 የእግዚአብሔር ቸርነት ለእስራኤል የተመሰለው ልጁን በሚሸከም ሰው ነው። መጽሐፍ ለአምላክ ምሳሌ ሊያደርገው ያላፈረበትን ሥራ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ወይም አንድ ነጋዴ ሊያፍርበት አይገባም። በዋሽንግተንና በአካባቢው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ አባት ልጁን በደረቱ አስሮ ገበያ ሲገባ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የወንድነቱ ክብር በዚህ ጐድሎ አልታየም።

አባት ሲሸሽ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ቤት የሚወድቀው በታላቅ እኅት ላይ ነው። ገና ሰባት ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ወንድሟን አዝላ፣ ወገቧ ጐብጦ፣ እኩዮችዋ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በደጅ ቆማ ታያለች። ወይም ከገጠር ለሞግዚትነት የመጣች ትንሽ ልጅ ናት፤ እርስዋ ራስዋ እናቷን እየናፈቀች የሰው ልጅ እሹሩሩ ትላለች። ጥቂት ደቂቃ ወንድምን ማዘል የፍቅር ጨዋታ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ መሆኑ ግን ሁለት ሕፃናትን በአንድ ጊዜ መበደል ነው። የተሸከመችው ትምህርቷን ታጣለች፤ የታዘለውም ቢንሸራተት ልትይዘው በማትችል ልጅ እጅ ወድቋል። አንቀልባን የሚያመሰግን ሰው ይህን ክፉ ገጽታውን አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም በጨዋ ቤት ስለሚደረግ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ እናቶችም ሕፃናቱን ለክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣሉ። ወረፋ ይዘው በሚቀመጡበት ሰዓት አንዲት የለመደች ሠራተኛ አንድ አንቀልባና አንድ ረጅም ነጠላ ይዛ፣ በጨርቅ በተሠራ አሻንጉሊት አስተዛዘሉን ብታሳያቸው፣ ከዚያም እያንዳንዷ በገዛ ልጅዋ እንድትሞክር ብትረዳ፣ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። የተጻፈ ወረቀት ማደል ብቻ ግን አይበቃም፤ ይህ ጥበብ በእጅ የሚተላለፍ ነውና። ከየመንደሩ አያቶችን ጠርቶ አስተማሪ ማድረግም ይቻላል። እነርሱ አስተሳሰሩን ያስተምራሉ፤ ሠራተኛዋ ደግሞ የአንገቱንና የአፍንጫውን ነገር ትጨምርበታለች። አባቶች በቀጠሮው ቀን አብረው እንዲመጡ ቢታዘዝ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለዚህም አሠሪዎች ግማሽ ቀን ቢፈቅዱ የሚጐድልባቸው ነገር የለም። ሦስት ቀን ለአባት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ነገር ሕግ የሚያወጡት ክፍሎች እንደገና ቢያዩት መልካም ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንዳንዶቹ የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። በማቆያው ያሉ ተንከባካቢዎች ግን ለብዙ ሕፃናት ጥቂት ስለሆኑ፣ የሚያለቅሰውን አዝለው ሌላውን ለማብላት እንዲችሉ በደንብ የተሠራ ማዘያ ቢሰጣቸው ሥራቸው ይቀላል።

ማዘያውን የሚሠራው ማን ነው የሚለውም ጥያቄ ችላ አይባልም። ቆዳ የሚያለፉና የሚሰፉ ባለ እጆች በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በደሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያመለክታል። በእጃቸው የተሠራውን አንቀልባ ታዝሎ ያላደገ ጌታ ጥቂት ነው፤ ሠሪዎቹን ግን ከማዕዱ አራቃቸው። ዛሬ የቆዳ አንቀልባ የሚሠሩ ሰዎች እየቀነሱ፣ ዕቃውም ለጐብኚዎች በሚሸጥበት ሱቅ ለግድግዳ ጌጥ እየተሰቀለ ነው። የንግድና የእጅ ሥራ ጕዳይ የሚመለከታቸው ክፍሎች ባለ እጆቹን ከሐኪሞች ጋራ አገናኝተው፣ መቀመጫው እስከ ሕፃኑ ጕልበት የሚደርስ፣ ራሱን የሚደግፍ፣ ከውስጥ የሚታጠብ ጨርቅ ያለው አንቀልባ እንዲያዘጋጁ ቢያደርጉ ለከተማው ሰው የሚስማማ ዕቃ ይገኛል፤ ዋጋውም ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ይልቅ ለድኻ ይቀርባል። የሽማኔው ነጠላና ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ማዘያ የሚሆን ጨርቅ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ፣ ሲሳብም ብዙ የማይለጠጥ መሆን አለበትና ይህን ለሽማኔው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ለካህናትም በዚህ ነገር ስፍራ አላቸው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ አባትና እናት፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ አያቶችና ጐረቤቶች በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ። ብዙው ሕፃን ከአራስ ቤት ወጥቶ ረጅም መንገድ የሚሄደው በዚያ ቀን ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም የሚመጣው ብዙ ጊዜ በነጠላና በጋቢ ተደራርቦ ተጠቅልሎ ነው። የነፍስ አባት በዚያች ሰዓት የሕፃኑ ፊት ተገልጦ እንዲሄድ፣ እግሩ ተጠብቆ እንዳይታሰር፣ አንገቱም እስኪጸና በጀርባ እንዳይታዘል ቢናገሩ ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማላቸዋል። የእስልምና መምህራንም በየሰፈራቸው እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከጥምቀቱ በኋላም ወደ ቤት በሚመለሱበት ጊዜ ካህኑ ሕፃኑን ከእናቲቱ ክንድ ተቀብለው ለአባትየው ቢያስታቅፉት፣ መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ እርሱ ይዞት እንዲሄድ ከቆሙት ሰዎች ማንም አይከለክለውም።